የፈርምዌር ሚሞሪ ክልል ስህተት

የፈርምዌር ሚሞሪ ክልል ስህተት የሚባለው፣ የኮምፒውተሩ ፈርምዌር (ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ) የሚጠቀምበት የራም ክፍል ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከርነል ይዞታ ጋር ሲደራረብ የሚከሰት ብልሽት ነው። ሁለቱም በአንድ አድራሻ ላይ ይጽፋሉ፤ አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው ይደመስሰዋል። ማሽኑ ከስሊፕ ሲነሳ ይቆማል፣ ወይም ደህና የነበረ ፋይል ተበላሽቶ ይገኛል። ምልክቱ ጥፋቱ ከደረሰ ከቆየ በኋላ፣ ያውም ምንም በማያገናኘው ፕሮግራም ላይ ስለሚታይ፣ ብዙ ጊዜ በቫይረስ ወይም በራም ይሳበባል።

ከርነሉ ስለ ራሙ የሚያውቀው ፈርምዌሩ የነገረውን ነው። በኢንቴልና ኤኤምዲ ኮምፒውተሮች ላይ ባዮስ ኢ820 በተባለ ጥሪ የሚሞሪ ካርታ ያስረክባል። በካርታው ላይ 1 ቁጥር ነጻ፣ 2 ቁጥር የተከለለ፣ 3 ቁጥር የኤሲፒአይ (የኃይልና የሃርድዌር አስተዳደር ደንብ) ሰንጠረዦች ተነብበው የሚለቀቅ፣ 4 ቁጥር ለኤሲፒአይ የሚቀር፣ 5 ቁጥር ደግሞ የተበላሸ ቦታ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ካርታው «ነጻ» ያለውን ቦታ ባዮሱ ራሱ ድንበር ገፍቶ ሲጽፍበት ነው።

ሊኑክስ ለዚህ መከላከያ የሠራው ደረጃ በደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አንዳንድ ባዮሶች ከራሙ መጀመሪያ 64 ኪሎባይት ውስጥ የከርነሉን ዳታ እንደሚያበላሹ ታወቀ። ጥፋቱ የሚደርሰው ኮምፒውተሩ ከስሊፕ ሲነሳ ወይም የሞኒተር ገመድ ሲሰካ ነበር። የተጨመረው ኮድ ያንን ቦታ ከልሎ በዜሮ ይሞላዋል፤ ከዚያም በየ60 ሴኮንዱ እየቃኘ ዜሮ ያልሆነ ነገር ካገኘ በከርነሉ መዝገብ ላይ ያሳውቃል። ብልህ ዘዴ ነው፤ የጥርጣሬን ጉዳይ በማስረጃ እንዲታይ አድርጎታል። መጀመሪያ የተወሰኑ አምራቾች ባዮሶች ብቻ ተለይተው ይከለሉ ነበር። ስም ዝርዝሩ ግን አያልቅም፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመጀመሪያው 64 ኪሎባይት በሁሉም ማሽን ላይ እንዲከለል ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በወጣው ሊኑክስ 5.13 ደግሞ የመጀመሪያው 1 ሜጋባይት በሙሉ ለአጠቃላይ አገልግሎት ዝግ ሆነ። 4 ጊጋባይት ራም ላለው ኮምፒውተር ይህ ከ4,096 እጅ አንዱ ነው፤ ለሚያስገኘው መረጋጋት እጅግ ርካሽ ዋጋ ነው።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የፈርምዌሩ ብቻ አይደለም። በዚያው ዓመት ማይክ ራፖፖርት የተባለው የከርነል ገንቢ የኤክስ86ን (የኢንቴልና ኤኤምዲ ማሽኖችን) የማስነሻ ኮድ ሲያስተካክል፣ አንዳንዶቹ ክልከላዎች የሚፈጸሙት ከርነሉ ሚሞሪ ማደል ከጀመረ በኋላ እንደነበር አሳይቷል። ጉዳት ያልደረሰው ዕደላው ከራሙ ጫፍ ወይም ከከርነሉ በላይ ካለው ቦታ ይጀምር ስለነበር ብቻ ነው። የዕደላው አቅጣጫ ቢቀየር የተደበቀው ስህተት ይፈነዳ ነበር። መፍትሔው ክልከላዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቦ ከማናቸውም ዕደላ በፊት ማስቀደም ሆነ።

በዩኢኤፍአይ ማሽኖችም ተመሳሳይ ገጠመኝ አለ። በደንቡ መሠረት የማስነሻ አገልግሎቶቹ ሲዘጉ ቦታቸው ለከርነሉ ይለቀቃል። አንዳንድ ፈርምዌሮች ግን ከዚያም በኋላ ወደዚያው ኮድ ይመለሳሉ። ስለዚህ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ወደ ቨርቹዋል አድራሻ ተሸጋግሮ እስኪጨርስ ድረስ ቦታውን ይዞ ያቆያል።

ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት ኮምፒውተሮች መካከል ይህ ጉዳይ ጎልቶ የሚታየው በኤክስኦ ላፕቶፕ ላይ ነው። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» በተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ 5,000 ያህሉ ለአገራችን ተማሪዎች ታደሉ። 256 ሜጋባይት ራም ያለው ይህ ላፕቶፕ የሚነሳው በባዮስ ሳይሆን በኦፕን ፈርምዌር ነው፤ ኦፕን ፈርምዌር ደግሞ ሊኑክስ ከተነሳ በኋላም ሊጠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ዋናው ከርነል የገባው ኮድ የፈርምዌሩን መጥሪያ አድራሻ ይወስድና ወደ ታች ወደ ሜጋባይት ወሰን ያጠጋጋዋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን የአድራሻ ክልል በሙሉ ይተውለታል። እዚህ ከርነሉና ፈርምዌሩ ተግባብተው በአንድ ማሽን ይኖራሉ።

ይህ ስህተት ሲጠረጠር የተለመደው የመጀመሪያ ምክር ባዮሱን ማደስ ነው። እንደ ደብረ ወርቅ ባለ የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ግን ምክሩ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል፤ ባዮስ እየተጻፈ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ለቆየ ሞዴልም አምራቹ አዲስ ባዮስ ማውጣት ያቆማል። ስለዚህ መፍትሔው ከከርነሉ በኩል ቢመጣ ይመረጣል። በቅድሚያ ራሙ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሚሠራው ሜምቴስት ይፈተሻል። ፈተናውን አልፎ ሳለ ከስሊፕ በኋላ ጉዳቱ በታችኛው ሚሞሪ ላይ ከተደጋገመ፣ ተጠርጣሪው ፈርምዌሩ ነው። ከ5.13 በፊት በነበሩ ከርነሎች «ሪዘርቭሎው» የተባለው የማስነሻ ትእዛዝ ክልሉን እስከ 640 ኪሎባይት ያሰፋዋል። ከዚያ በላይ ላለ ቦታ «ሜምማፕ» መጠኑንና መነሻ አድራሻውን በዶላር ምልክት ለይቶ ይከልላል። ግራብ የተባለው የማስነሻ ፕሮግራም ግን የዶላር ምልክቱን ለራሱ ስለሚተረጉመው፣ በባክስላሽ (\) ካልተጠበቀ ትእዛዙ ተቆርጦ ከርነሉ ዘንድ ይደርሳል፤ ክልከላው መፈጸሙ ማሽኑ እንደገና ተነስቶ የሚሞሪ ካርታው በከርነሉ መዝገብ ላይ ሲታይ ይረጋገጣል።