ቤትና መደብ በድሬዳዋ

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ከሥፍራው ሲደርስ ከተማዪቱ በደቻቱ ወንዝ ግራና ቀኝ አደገች። በአንደኛው ወገን የምድር ባቡር ኩባንያ ያቀደው፣ ጎዳናው ቀጥ ያለው ከዚራ ቆመ፤ በሌላው ወገን የነጋዴውና የሠርቶ አደሩ መጋላ ተስፋፋ። የሰፈሩ አሠራር ራሱ የመደብን ልዩነት ይመሰክር ነበር።

የኩባንያ ቤት ከሥራ ጋር የሚገኝ እንጂ ለልጅ የሚወረስ ሀብት አልነበረም። ከጭሰኝነት ወደ ከበርቴነት የሚያሸጋግረው የከተማ መሰላል ቤት ሠርቶ ማከራየት ነበር። መሰላሉን የወጡት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ የብዙኃኑ ዕጣ ኪራይ መክፈል ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ፤ አነስተኛ ኪራይም ተቀነሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ።

ተከራዩ ከአከራይ ጫና ተላቀቀ፤ ባለቤት ግን አልሆነም። ዝቅተኛው ኪራይ ለዕድሳት ስላልበቃም በየከተማው ብዙ የቀበሌ ቤቶች አረጁ። አዋጁ ለድሀው መጠለያውን አጸናለት፤ መሰላሉን ግን ከሁሉም ፊት አነሣው። የከተማ ቤት ታሪካችን ሲመዘን ሁለቱም በአንድ ሚዛን ላይ ሊቀመጡ ይገባል።