የሰሙትን የሚያምኑ መሣሪያዎች፦ የኔትወርክ ስዊቾች አገልግሎት የማቋረጥ ክፍተት ታሪክ

በአንድ ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሚገኙ ኮምፒውተሮች፣ ስልኮችና ማተሚያዎች እርስ በርሳቸው የሚገናኙት ስዊች በተባለው መሣሪያ አማካይነት ሲሆን፣ የመሣሪያው ሥራ በአንዱ ፖርት (የኬብል መሰኪያ) የገባውን የመረጃ ቁራጭ፣ ማለትም ፍሬም የሚባለውን፣ ተቀብሎ በላዩ የተጻፈውን አድራሻ በማንበብ ተቀባዩ ባለበት ፖርት ማስወጣት ነው። ይህ ሥራ ከተጠቃሚው ዓይን የተሰወረ በመሆኑ ስለ ኮምፒውተር ደኅንነት ሲጻፍ ስዊች የሚነሣው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ እሱ ሲቆም ሰርቨሩ ምንም ያህል ጤነኛ፣ ፋየርዎሉም ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን የድርጅቱ ሥራ አብሮ ይቆማል። መረጃ ሳይሰረቅና ፋይል ሳይበላሽ መሣሪያውን ከሥራ ውጭ ለማድረግ የሚያስችል ድክመት አገልግሎት የማቋረጥ ክፍተት ይባላል። የእነዚህ ክፍተቶች ታሪክ ሲመረመር ከፕሮግራመሮች ስሕተት በታች አንድ የጠለቀ የንድፍ እምነት ይገኛል፤ ስዊች የተሠራው ከጎኑ የተሰካው ሁሉ ታማኝ ነው ተብሎ ነበር።

የዚህ እምነት አደጋ የዛሬው ዓይነት ስዊች ለገበያ ከመቅረቡ 10 ዓመት አስቀድሞ ታይቷል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኢንተርኔት መነሻ በሆነው አርፓኔት ላይ ፓኬት የሚባሉ የመረጃ ቁራጮችን እየተቀበሉ የሚያስተላልፉት አይኤምፒ የተባሉ አነስተኛ ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸውም የመስመሮቻቸውን ሁኔታ የሚገልጽ መልእክት በየጊዜው ለሁሉም ያሰራጩ ነበር። አዲሱ መልእክት ከአሮጌው የሚለየው ከ0 እስከ 63 በሚደርስ ተራ ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ 63 ላይ ሲደርስ ተመልሶ ከ0 ስለሚጀምር የትኛው እንደሚቀድም የሚወሰነው ቁጥሮቹን በክብ ላይ በማነጻጸር ነበር። ኦክቶበር 27 ቀን 1980 በአንድ አይኤምፒ ላይ በደረሰ የሃርድዌር ብልሽት የተወሰኑ ቢቶች ጠፉና የአንድ ምንጭ መልእክት በሦስት ተራ ቁጥሮች፣ በ8፣ በ40 እና በ44፣ በአንድ ጊዜ ተሰራጨ። በክቡ ስሌት 44 ከ40 ይበልጥ አዲስ ነው፤ 40 ከ8 ይበልጥ አዲስ ነው፤ 8 ደግሞ ከ44 ይበልጥ አዲስ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ እያንዳንዱ መሣሪያ ሦስቱን መልእክቶች ያለ ማቋረጥ እየተቀበለ፣ አዲስ ዜና የሰማ መስሎት ለጎረቤቶቹ ማስተላለፉን ቀጠለ፤ ለዚህ ዓይነቱ መልእክትም ቅድሚያ ይሰጥ ስለነበር ለተጠቃሚዎች ሥራ የሚተርፍ አቅም ጠፋ። ኔትወርኩ ለበርካታ ሰዓታት ከጥቅም ውጭ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ኤሪክ ሮዘን አርኤፍሲ 789 በተባለው ሰነድ ጉዳዩን በዝርዝር አስፍሮታል። አጥቂ አልነበረም፤ መሣሪያዎቹ የታዘዙትን በትክክል እየፈጸሙ ወደቁ።

በሕንፃ ውስጥ የሚዘረጋው ኔትወርክ ግን መነሻው ሌላ ነው። ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ በ1973 በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል የጀመሩት ኢተርኔት አንድን ኬብል ሁሉም ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነበር፤ በ1980ም ዲጂታል፣ ኢንቴልና ዜሮክስ የተባሉ ኩባንያዎች በሴኮንድ 10 ሜጋቢት የሚያስተላልፈውን ደረጃ በጋራ አወጡ። ኬብሉ ሲረዝምና ተጠቃሚው ሲበዛ ሁለት ኬብሎችን የሚያገናኝ ብሪጅ የተባለ መሣሪያ አስፈለገ፤ በ1990 ደግሞ ካልፓና የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የብሪጁን ሥራ በሰባት ፖርቶች ላይ በአንድ ጊዜ የሚሠራውን ኢተርስዊች ለገበያ አቀረበ። የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ ካልፓናን በ1994 ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ ስዊች የማንኛውም መሥሪያ ቤት የዘወትር ዕቃ ሆነ።

በኢተርኔት ላይ ከመጀመሪያው የተተወ አንድ ነገር አለ። በኢንተርኔት ፕሮቶኮል መሠረት የሚጓዝ ፓኬት የዕድሜ ቆጣሪ ስላለው ኔትወርኮችን በሚያገናኝ ራውተር በኩል ባለፈ ቁጥር አንድ እየተቀነሰበት ዜሮ ሲደርስ ይጣላል፤ የኢተርኔት ፍሬም ግን እንዲህ ያለ ቆጣሪ የለውም። ሁለት ስዊቾች አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲተካ በማሰብ በሁለት ኬብል ቢገናኙ መንገዱ ክብ ይሆናል፤ ለሁሉም የተላከ አንድ ፍሬም በዚያ ክብ ላይ ማብቂያ እንደሌለው የገደል ማሚቶ እየተባዛ ይዞራል፤ በጥቂት ሴኮንዶችም የመስመሮቹን አቅም በሙሉ ይይዛል። ባለሙያዎች ይህን የብሮድካስት ማዕበል ይሉታል። መድኃኒቱን የፈጠረችው በዲጂታል ኩባንያ ትሠራ የነበረችው ራዲያ ፐርልማን ስትሆን፣ በ1985 ያሳተመችው ስፓኒንግ ትሪ የተባለው ስልት ስዊቾቹ አጫጭር መልእክት እየተለዋወጡ አንዱን መሪ እንዲመርጡና ክብ የሚፈጥሩትን ትርፍ መስመሮች ራሳቸው እንዲዘጉ የሚያደርግ ነው። ስልቱ በ1990 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ፤ ያለ እሱም የድርጅት ኔትወርክ በዚያ ፍጥነት ሊያድግ ባልቻለ ነበር።

ሆኖም መድኃኒቱ የራሱን ድክመት ይዞ መጣ። ስዊች ሁለት ክፍል አለው፤ ፍሬሞችን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያሳልፉ ልዩ ቺፖች በአንድ በኩል፣ ስፓኒንግ ትሪን የመሳሰሉ ውሳኔዎችን የሚወስን ተራ ፕሮሰሰር በሌላ በኩል ይገኛሉ። ቺፖቹ በሴኮንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ፍሬም ሲያሳልፉ ፕሮሰሰሩ የሚችለው የዚያን እጅግ ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነው። የተዘጋ ፖርት ተዘግቶ የሚቆየው ከጎረቤቱ በየ2 ሴኮንዱ መልእክት እስከሰማ ድረስ ሲሆን፣ ለ20 ሴኮንድ ያህል ምንም ካልሰማ መስመሩ ተበጥሷል ብሎ ፖርቱን ለመክፈት ይነሣል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ በሥራ ብዛት ሲታፈን ክብን ለመከላከል የተዘጋው በር ራሱ ይከፈታል፤ ማዕበሉም ፕሮሰሰሩን ይበልጥ ያፍነዋል።

ይህ ሂደት በኖቬምበር 2002 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በሚገኘው ቤት እስራኤል ዲያኮነስ ሆስፒታል በሙሉ ገጽታው ታየ። ሆስፒታሉ በ1996 ከሁለት ተቋማት ውህደት የተፈጠረ ሲሆን፣ ኔትወርኩ በየጊዜው ስዊች በስዊች ላይ እየተጨመረበት ስላደገ የስፓኒንግ ትሪ ደረጃ ከሚፈቅደው የሰባት ስዊች ርቀት አልፎ ነበር። ኖቬምበር 13 ቀን አንድ ተመራማሪ በሥራው ምክንያት እጅግ ብዙ መረጃ በኔትወርኩ ላይ ሲልክ መስመሮቹ ተጨናነቁ፤ የስዊቾቹ መልእክቶች በጊዜው መድረስ አቃታቸው፤ የተዘጉት ፖርቶች ተከፈቱና ማዕበሉ ተነሣ። ችግሩ ተፈታ ሲባል እያገረሸ ለቀናት ቆየ። የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ትእዛዝና የሕመምተኞች መዝገብ ሁሉ በኮምፒውተር የሚሠራበት ሆስፒታል ወደ ወረቀት ተመለሰ፤ ወጣት ሐኪሞች ከዚያ በፊት ጽፈው የማያውቁትን የወረቀት ማዘዣ ከአንጋፋዎቹ ተማሩ፤ ውጤት የሚያመላልሱ ሰዎችም በየፎቁ ተሰማሩ። ሲስኮ ባለሙያዎችንና መሣሪያዎችን ላከ፤ ኔትወርኩም ክፍል በክፍል ተለይቶ እንደ አዲስ ተዋቀረ። የሆስፒታሉ የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊ ጆን ሃላምካ ውድቀቱን ከመሸፈን ይልቅ ለሕዝብ በዝርዝር መግለጡን መረጠ፤ ይህ ተግባሩ በዘርፉ ታሪክ ከፍ ያለ ምስጋና የሚገባው ነው፤ ሌሎች ሆስፒታሎች የራሳቸውን ኔትወርክ እንዲመረምሩ ያነሣሣቸው ይኸው ግልጽነት ነበርና።

በአጋጣሚ የሚደርሰውን ሆን ብሎ ማድረስ እንደሚቻል የተገነዘቡም በዚያው ዘመን ብቅ አሉ። ስዊች የትኛው ኮምፒውተር በየትኛው ፖርት እንዳለ የሚመዘግብበት ሠንጠረዥ መጠኑ የተወሰነ በመሆኑ፣ በ1999 ማኮፍ የተባለ ፕሮግራም የሐሰት አድራሻዎችን በብዛት እየላከ ሠንጠረዡን እንደሚሞላና ስዊቹም የሚያውቀው ሲያልቅበት ሁሉንም ፍሬም በሁሉም ፖርት እንደሚበትን አሳየ። በ2001 ደግሞ ፌኖኤሊት የተባለው የጀርመን ቡድን ሲዲፒ በተባለው፣ የሲስኮ መሣሪያዎች ለጎረቤቶቻቸው ማንነታቸውን በሚያስተዋውቁበት ፕሮቶኮል በኩል የሐሰት ጎረቤቶችን በማብዛት የመሣሪያውን ማኅደረ ትውስታ መጨረስ እንደሚቻል አስታወቀ። ሁለቱም የይለፍ ቃል አላስፈለጋቸውም፤ ግድግዳው ላይ ባለው የኔትወርክ መሰኪያ ኬብል መሰካት በቂ ነበር።

ነገሩ ከሕንፃ ወጥቶ የዓለም ጉዳይ የሆነው በጁላይ 2003 ነው። በዚያ ወር ሲስኮ አይኦኤስ የተባለውን ሶፍትዌሩን የሚጠቀሙ ራውተሮችና ስዊቾች በጥቂት ፓኬቶች ሊቆሙ እንደሚችሉ አስታወቀ። ለመሣሪያው ለራሱ የመጣ ፓኬት ፕሮሰሰሩ እስኪያየው ድረስ በወረፋ ይጠብቃል፤ የአንድ ፖርት ወረፋም በነባሪ የሚይዘው 75 ፓኬት ነው። የፕሮቶኮል ቁጥራቸው 53፣ 55 ወይም 77 የሆነና ሲደርሱ ዕድሜያቸው 1 ወይም 0 የቀራቸው፣ ወይም ቁጥራቸው 103 የሆኑ ፓኬቶች ግን ከወረፋው ሳይወጡ እዚያው ይቀሩ ነበር። ወረፋው ሲሞላ ፖርቱ ደንቆሮ ይሆናል፤ መሣሪያው ግን ስላልወደቀ ራሱን አስነሥቶ አይድንም፤ ማስጠንቀቂያም አያሰማም፤ አስተዳዳሪው እስኪያስነሣው ድረስ እንዲሁ ይቆያል። የአደጋው ክብደት የገባው ሲስኮ ይፋ ከማድረጉ በፊት ለታላላቅ የኢንተርኔት አቅራቢዎች በሚስጥር ስላስታወቀ እነሱ መሣሪያዎቻቸውን አስቀድመው በእርማት አደሱ። ማስታወቂያው በወጣ በቀናት ውስጥ የማጥቂያው ፕሮግራም በአደባባይ ተለቀቀ፤ የተፈራው የኢንተርኔት መቆም ግን አልደረሰም። ይህ አሠራር ሚስጥሩን ቀድመው ያወቁትንና ያላወቁትን በመለየቱ ተተችቷል። ትችቱ መሠረት ቢኖረውም የዋናዎቹን መስመሮች መትረፍ ያስገኘው ያ የጥቂት ቀን ቅድሚያ እንደነበር መካድ አይቻልም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አምራቾች ወደ ፕሮሰሰሩ የሚሄደውን ፓኬት በዓይነትና በመጠን የሚገድብ መከላከያ አስፋፉ፤ በአንድ ፖርት የሚመዘገቡ አድራሻዎችን መወሰን፣ ማዕበልን ከተወሰነ መጠን በላይ ማገድና ከተጠቃሚ ፖርት የሚመጣ የስፓኒንግ ትሪ መልእክትን አለመቀበልም የተለመዱ ሆኑ። ነገር ግን አብዛኞቹ አስተዳዳሪው ፈልጎ ካላስነሣቸው በስተቀር ተኝተው የሚቆዩ ነበሩ። ጥቃት ሳይኖርም አቅም ሊያልቅ እንደሚችል ደግሞ ኦገስት 12 ቀን 2014 ታየ፤ በዚያ ቀን የዓለም ኢንተርኔት መስመሮች ዝርዝር ከ512 ሺህ በማለፉ፣ ሠንጠረዣቸው በነባሪ በዚያ መጠን የተወሰነው ካታሊስት 6500ን የመሰሉ አሮጌ ስዊቾች ትራፊክ ማሳለፍ ተሳናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የስማርት ኢንስቶል ታሪክ ነው። ይህ የሲስኮ አገልግሎት ባለሙያ በሌለበት ቅርንጫፍ አዲስ ስዊች ኬብሉ ሲሰካ ብቻ ውቅሩን፣ ማለትም የአሠራር ቅንብሩን፣ ከማዕከል ተቀብሎ ሥራ እንዲጀምር ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ ስዊቹ የፖርት ቁጥር 4786ን (የኬብል መሰኪያ ሳይሆን በሶፍትዌር ውስጥ ያለ መግቢያ ነው) ከፍቶ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ትእዛዙን የላከው ማን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ውቅሩ ካለቀ በኋላም በሩ በነባሪ ክፍት ይቆይ ነበር። ሲስኮ በፌብሩዋሪ 2017 ባወጣው ማሳሰቢያ ጉዳዩ የፕሮቶኮሉን አላግባብ መጠቀም እንጂ ክፍተት አይደለም አለ። ማርች 28 ቀን 2018 ግን በዚያው አገልግሎት ውስጥ ስዊቹን ለማስወደቅ፣ እንዲያም ሲል በላዩ የራስን ፕሮግራም ለማስኬድ የሚያስችል እውነተኛ ክፍተት መገኘቱ ታወጀ፤ መለያ ቁጥሩም ሲቪኢ 2018-0171 ነው። የሲስኮ የደኅንነት ቡድን ከ168 ሺህ በላይ መሣሪያዎች በሩን ለመላው ኢንተርኔት ከፍተው እንደተቀመጡ ገለጸ። ኤፕሪል 6 ቀን ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች በኢራንና በሩሲያ ያሉ ስዊቾችን ውቅር ሰርዘው በምትኩ የአሜሪካን ባንዲራ ምስልና በምርጫችን አትግቡ የሚል መልእክት ተዉ፤ የኢራን መንግሥት በአገሩ 3,500 ያህል ስዊቾች እንደተነኩ አስታወቀ።

ያን ጊዜ ብዙዎች ጥፋቱን በቸልተኛ አስተዳዳሪዎች ላይ አሳረፉ። ይህ ፍርድ ግን ፍትሐዊ አይደለም። ባለሙያ ለሌለው ቅርንጫፍ ተብሎ የተሠራን መሣሪያ ባለሙያ ብቻ ሊዘጋው በሚችል ክፍት በር የላከው አምራቹ ነው። የስፓኒንግ ትሪው፣ የሲዲፒውና የስማርት ኢንስቶሉ ታሪክ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ለአስተዳዳሪው ድካም መቀነሻ የተፈጠረው ምቾት ጠያቂ እንደሌለው በር ሆኖ ቀርቷል። በፌብሩዋሪ 2020 አርሚስ የተባለው የደኅንነት ድርጅት በዚያው በሲዲፒ ውስጥ አምስት አዳዲስ ክፍተቶችን ይፋ ሲያደርግ፣ አንደኛው ከ2001ዱ ጋር በዓይነቱ የሚመሳሰል፣ ማኅደረ ትውስታን በመጨረስ መሣሪያውን የሚያስወድቅ ነበር።

በኦገስት 2025 የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ የሩሲያ የደኅንነት አገልግሎት ሰዎች በሲቪኢ 2018-0171 በኩል ወደ መሣሪያዎች እየገቡ የብዙ ሺህ መሣሪያዎችን የውቅር ፋይል እንደወሰዱ አስጠነቀቀ፤ እርማቱ ከወጣ ሰባት ዓመት አልፎት ነበር፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎችም የአምራቹ ድጋፍ ያበቃላቸው ናቸው። ስዊች የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ የፖርት ቁጥር 4786 በመሣሪያው ላይ ክፍት መሆን አለመሆኑን ዛሬውኑ ሊያይ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ አገልግሎቱን ለመዝጋት የሚያስፈልገው አንድ መስመር ትእዛዝ ብቻ ነው።