ነሐሴ 12፦ የዳግማዊ ምኒልክና የማርከስ ጋርቬ የልደት ቀን

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። ማርከስ ጋርቬ ደግሞ ነሐሴ 12 ቀን 1879 ዓ.ም. በጃማይካ፣ ሴንት አንስ ቤይ ተወለዱ። በጎርጎርዮስ አቆጣጠርም የሁለቱ ልደት ኦገስት 17 ነው፤ ዓመቶቹ 1844 እና 1887 ናቸው።

ምኒልክ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የኢጣሊያን ጦር ድል ሲመቱ ጋርቬ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ።

ጋርቬ በ1914 እ.ኤ.አ. በኪንግስተን የጥቁር ሕዝቦችን አንድነት የሚሰብክ ዓለም አቀፍ ማኅበር መሠረቱ፤ በ1919 ብላክ ስታር ላይን የተባለውን የመርከብ ኩባንያ አቋቋሙ። ማኅበራቸው በ1920 በኒው ዮርክ ጉባኤው ያጸደቀው መዝሙርም ኢትዮጵያን በስሟ ጠርቶ ያወድሳል።

በጎርጎርዮስ አቆጣጠር 1900 ፌብሩዋሪ 29ን የምትጨምር ዓመት ስላልነበረች፣ በአሁኑ ጊዜ ነሐሴ 12 የሚውለው ኦገስት 18 ነው።