መጋገሪያ ወረቀት

ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ገርጂ ወይም ሲኤምሲ ካሉት ሱፐርማርኬቶች ወደ አንዱ ገብቶ የኬክ ዕቃ የሚደረደርበትን የሚያይ ሰው በረጅም ካርቶን የተጠቀለለ ነጭ ወይም ቡናማ ወረቀት አያጣም። ሻጮቹ «ቤኪንግ ፔፐር» ይሉታል። አንዳንዱ ካርቶን ላይ ግን «ፓርችመንት» የሚል ተጽፏል፤ መዝገበ ቃላት ለሚገልጥ ደግሞ ፍቺው «ብራና» ነው። ብራና ተወጥሮ የደረቀና የተፋቀ ቆዳ ነው፣ የአባ ገሪማ ወንጌል የተጻፈበት። ኬክ ሥር ምን ሊሠራ ይገባል?

ስሙ የመጣው ከመልኩ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አውሮፓ ውስጥ ተራ ወረቀትን ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ለአፍታ ነክሮ ማጠብ ተጀመረ። አሲዱ የወረቀቱን ፊት በስሱ አሟምቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ውሃና ቅባት እንደ ልብ የማያልፍበት፣ ሲያዩት ብራና የሚመስል ወረቀት ይወጣል። የዛሬው አብዛኛው ሲሊኮን ስለሚቀባ ሊጥ አይጣበቅበትም። በአማርኛ «መጋገሪያ ወረቀት» ብንለው ሥራውን በትክክል ይነግረናል። «የሰም ወረቀት» ማለት ግን አደጋ አለው፤ ሰም የተቀባ ወረቀት ሌላ ዕቃ ነው፣ ኦቭን ውስጥ ሰሙ ቀልጦ ይጨሳል።

ሥራውን እንኳ ከኮባ እናውቀዋለን። የበዓል ዋዜማ ሾላ ገበያ ኮባ የሚፈለገው ለዚሁ ነው። ድፎ የምትደፋ ባለሙያ የቅጠሉን ወፍራም አጥንት በቢላ ትልጣለች፣ እንዳይቀደድ እሳት ላይ ለብ ታደርገዋለች፣ ከዚያ አንዱን ባንዱ ላይ ደርባ ጫፉን ከምጣዱ አሳልፋ ታነጥፋለች። መቀስ አያስፈልጋትም፤ ኮባ የምጣዱን ቅርጽ ይከተላል፣ መዓዛውንም ለዳቦው ይሰጣል። ወረቀት መዓዛም የለው፣ መታዘዝም አይወድ። ሳይለካ ከገባ ጠርዙ ላይ ይሸበሸባል፣ ሽብሽቡም ኬኩ ላይ ይታተማል።

ለአዲስ አበባ ጋጋሪ ወረቀቱ ቅንጦት አይመስለኝም። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ኬክ ቶሎ ይነፋል፣ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል፣ የቀረው ስኳር ደግሞ ይበረታና መጋገሪያው ላይ ይጣበቃል።

ለክብ መጋገሪያ መጀመሪያ ከክቡ ጥቂት የሚተልቅ ባለ አራት እኩል ጎን ወረቀት ቁረጡ። ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት እጠፉት። የወረቀቱ እምብርት የሆነውን ጥግ ሹል እያደረጋችሁ እንደ ሦስት ማዕዘን አንድ ሁለት ጊዜ ድገሙ። መጋገሪያውን ገልብጡ፣ ሹሉን መሃሉ ላይ አሳርፉ፣ ጠርዙ ከሚደርስበት ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብታችሁ ቁረጡ። የምትለኩት በውጭ በኩል ስለሆነ ያቺ ሚሊ ሜትር ካልተቀነሰች ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ይወጣል። ሲዘረጋ ክብ ነው። ከሥሩ ጥቂት ቅቤ ካስነካችሁት አይንሸራተትም።

ለግድግዳው ስፋቱን በ3.14 አባዙ፤ ለ24 ሴንቲ ሜትር መጋገሪያ 75 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ይመጣል፣ መደረቢያ ጨምራችሁ 78 ቁረጡ። ለረጅሙ የዳቦ ቅርጽ ሁለቱን አጫጭር ጎኖች መተው ይቻላል። አንድ ሰፊ ቁራጭ በረጃጅሞቹ ጎኖች ላይ አሳልፋችሁ አንጥፉ፤ የተረፈው ጫፍ በኋላ ዳቦውን ማንሻ እጀታ ይሆናል። ጫፉ ግን የኦቭኑን የጋለ ሽቦ እንዳይነካ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሙቀት ወሰንም እዩ፣ ብዙውን ጊዜ 220 ዲግሪ አካባቢ ነው።

መሃሉ ቀዳዳ ለሆነውና ጎኑ ለተሸነሸነው መጋገሪያ በወረቀት አትድከሙ። እሱ ቅቤና ዱቄት ነው የሚፈልገው።