ሥዕሎቹን የሚያስማማው ሰው

የቢአይኤም አስተባባሪ የሚፈልጉ የሥራ ማስታወቂያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በሶፍትዌር ስም ነው። ሬቪት የሚችል፣ ናቪስወርክስ የሚያውቅ ይላሉ። ይህን ያነበበ ሰው ሙያው ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ፣ ፕሮግራሙ ባይኖር የማይታሰብ ሊመስለው ይችላል። የሙያውን ታሪክ ወደ ኋላ ሲከተሉት ግን የሚገኘው ሌላ ነው። ቢአይኤም የሚባለው አሠራር ሕንፃውን ከመሬት በፊት ኮምፒውተር ውስጥ መገንባት ነው፤ የሚገነባውም በባዶ መስመር ሳይሆን መጠናቸውን፣ ዓይነታቸውንና እርስ በርስ ያላቸውን ግንኙነት በያዙ ግድግዳዎች፣ በሮችና ቧንቧዎች ነው። ይህ አሠራር የአስተባባሪውን መሣሪያ ለወጠ እንጂ ሥራውን አልፈጠረም። ሥራው የተወለደው ሕንፃውን የሚያስበው ሰው ሕንፃውን ከሚሠራው ሲለይ፣ ቀጥሎም አሳቢዎቹ ራሳቸው እየበዙ ሲሄዱ ነው። ስለዚህ አስተባባሪን በሚከፍተው ፕሮግራም መመዘን ሙያውን ከሥሩ አለማወቅ ነው እላለሁ። መመዘኛው ስለ ግንባታ ያለው ዕውቀትና አንድ ለውጥ የት የት መድረስ እንዳለበት የሚከታተልበት ትጋት ሊሆን ይገባል።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ካቴድራል የሚያሠራው የግንበኞች አለቃ ነዳፊም አሠሪም ነበር። በእንግሊዝ አገር በዮርክና በዌልስ ካቴድራሎች ይህን የሚመሰክሩ የጂፕሰም ወለሎች እስከ ዛሬ አሉ። ቅስቱ በእውነተኛ ልኩ ወለሉ ላይ ተጭሮ ይነደፋል፤ ከዚያ ላይ የቅርጽ ማውጫ ሰሌዳ ይቆረጣል፤ ድንጋይ ጠራቢውም በሰሌዳው ይሠራል። ጥያቄ ሲነሳ መላሹ እዚያው ነው። ጣሊያናዊው አርክቴክት ብሩኔሌስኪም ከ1420 እስከ 1436 እ.ኤ.አ. (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የፍሎረንስን ካቴድራል ጉልላት ሲያሠራ ሥራውን በቅርብ ይመራ ነበር። በዚያው ምዕት ዓመት አጋማሽ ግን ሌላው ጣሊያናዊ አርክቴክት አልቤርቲ ስለ ሕንፃ ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ንድፉን የአእምሮ ሥራ አድርጎ ለየው፤ አናጢው በአርክቴክቱ እጅ ያለ መሣሪያ ነው አለ። ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ጋስፓር ሞንዥ ለዚህ መለያየት ሳይንስ ሰጠው። ማንኛውም ግዙፍ አካል በሁለት ጠፍጣፋ ገጾች ላይ ተነድፎ፣ ነዳፊውን አይቶ የማያውቅ ሰው እንዲሠራው የሚያስችለው የሞንዥ ጂኦሜትሪ መጀመሪያ በወታደራዊ ምስጢርነት ተይዞ ቆይቶ ለሕዝብ የተሰጠው በ1790ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕንፃን ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ ተቻለ። ትልቅ ነፃነት ነበር፤ በሐሳቡና በድንጋዩ መካከል ይቆም የነበረው ሰው ግን ቦታውን ለወረቀት ለቀቀ።

ወረቀቱ አንድ እስከሆነ ድረስ ጉዳቱ ያን ያህል አልጎላም። የብረት አጥንት፣ ሊፍት፣ ኤሌክትሪክ፣ የቧንቧ ሥራ፣ ኋላም የአየር ማቀዝቀዣ በተከታታይ ሕንፃ ውስጥ ሲገቡ ግን እያንዳንዱ የራሱን ባለሙያና የራሱን ሥዕል ይዞ መጣ። የሁሉም ሥዕል በየራሱ ትክክል ነበር፤ የሚሻሙት ግን በሶሌታውና በኮርኒሱ መካከል ያለችውን አንዲት ጠባብ ክፍተት ነው። ይህ ሽሚያ በአሜሪካ የግንባታ ሥራ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚዳኘው ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ነበር። የየዘርፉ ሥራ ተቋራጮች በአንድ መጠን የተነደፉ ግልጽ ወረቀቶቻቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ወረቀቶቹ ይደራረባሉ፤ መስመር መስመርን ሲያቋርጥ ክርክር ይጀመራል። ክርክሩ ዝም ብሎ አልነበረም፤ ያልተጻፈ ሕግ ነበረው። የፍሳሽ ቧንቧ ተዳፋቱን ጠብቆ ካልሄደ ስለማይፈስ ንቅንቅ አይልም። የአየር ቱቦ ግዙፍ ስለሆነ ማጣፊያ ቦታ የለውም። ግፊት ያለው ውኃ መውጣት መውረድ ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ደግሞ በቀረው ቀዳዳ ይሄዳል። ስምምነቱ ሲያልቅ ሁሉም ይፈርማሉ። ጠረጴዛው ዳር ሆኖ ማን እንደሚነሳና ማን እንደሚጸና የሚዳኘው ሰው፣ ማዕረጉ ምንም ይሁን፣ የዛሬው አስተባባሪ አባት ነው። ድካሙም ከባድ ነበር። ጠፍጣፋ ወረቀት ከፍታን በቁጥር እንጂ በመልክ ስለማያሳይ ሦስተኛው አቅጣጫ የሚኖረው በዚያ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ የገባው ይህን ድካም ሊያነሳ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሕንፃ ምሁር ቻርልስ ኢስትማን በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ ያቀረበው ክስ ቀላልና ትክክል ነበር። አንድ ግድግዳ በፕላን፣ በቁርጥና በፊት ገጽታ ደጋግሞ ይነደፋል፤ አንዱ ሲለወጥ ሌሎቹ ካልተከተሉ ሥዕሎቹ እርስ በርስ ይዋሻሉ። ስለዚህ ግድግዳው በአንድ የመረጃ ማኅደር አንድ ጊዜ ይቀመጥ፣ ሥዕሎቹ ሁሉ ከእሱ ይውጡ አለ። ገበያው መጀመሪያ አልሰማውም። በ1982 የወጣው አውቶካድ የነዳፊውን እጅ አፋጠነ እንጂ መስመር መስመር ሆኖ ቀረ። የኢስትማንን ሐሳብ የሚመስል ነገር በግል ኮምፒውተር ላይ ቀድሞ ያዋለው የቡዳፔስቱ ግራፊሶፍት ነው፤ የአርኪካድ ታሪክ ከ1984 ይጀምራል። ሬቪት በ2000 ወጣ፤ በ2002 አውቶዴስክ ገዛው፤ ቢአይኤም የሚለው ስምም ከዚያ ወዲህ በዓለም ተሰራጨ። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሳይፈጸም የቀረው ነው። ኢስትማን ያሰበው አንድ ማኅደር በተግባር አንድ አልሆነም። አርክቴክቱ የራሱን ሞዴል፣ የስትራክቸር መሐንዲሱ የራሱን፣ የቧንቧውም ሰው የራሱን ያዘ። ምክንያቱ የቴክኒክ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ባለሙያ በሕግ የሚጠየቀው በፈረመው ሥራ ነውና ማንም በሌላው እጅ በሚለወጥ ሞዴል ላይ መፈረም አይፈልግም። ሞዴሎቹ በየጊዜው ተሰብስበው ይነጻጸራሉ፤ ከዚያ ወደየባለቤታቸው ይመለሳሉ። ኃላፊነት ተከፋፍሎ እስካለ ድረስ የሚያስማማ ሰው ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ሞዴሎቹን ደርቦ ግጭት የሚያወጣው ሶፍትዌሩ ነው፤ ነገ መፍትሔውንም ራሱ ያቀርባል፤ ታዲያ ሰው ለምን? የሚል ነው። ፕሮግራሙ ከሰው ዓይን በፍጥነትና በምሉዕነት እንደሚበልጥ አልክድም። ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚናገረው ሁለት አካላት አንድ ቦታ ይዘዋል ብሎ ብቻ ነው። በአንድ ትልቅ ሕንፃ የመጀመሪያ ፍተሻ የሚወጣው ዝርዝር እጅግ ረጅም ነው፤ ብዙው ደግሞ ከንቱ ነው። ሽቦው ግድግዳውን ማለፉ ግጭት ተብሎ ይመዘገባል፤ አንድ ተሸካሚ ከፍታው ተሳስቶ ከሃያ ቧንቧ ጋር ቢጋጭ ሃያ ጉዳይ ይሆናል፤ በእውነቱ ጉዳዩ አንድ ነው። ይህን የሚለየው ሰው የጠረጴዛውን ዘመን ሕግ ማወቅ አለበት፤ ተዳፋትን፣ የሰው እጅ መፍቻ ይዞ የሚገባበትን ቦታ፣ ቀድሞ የሚገጠመውንና ኋላ የሚመጣውን። ሥራውም ከፍተሻው በፊት ይጀምራል። ሁሉም ሞዴል ከአንድ መነሻ ነጥብ እንዲለካ፣ የፋይል ስም አንድ ሥርዓት እንዲይዝ፣ የትኛው የፕሮግራም ዕትም እንደሚሠራበት አስቀድሞ ማስማማት ከግዴታዎቹ የመጀመሪያው ነው። ጥቃቅን የሚመስለው ይህ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከሕንፃ ውጭ የሆነው የኤርባስ ኤ380 ታሪክ ያሳያል። በሐምቡርግና በቱሉዝ ያሉ ነዳፊዎች ካቲያ በተባለው የንድፍ ሶፍትዌር የተለያዩ ዕትሞች ስለሠሩ፣ ተዘጋጅቶ የመጣው የሽቦ ጥቅል አውሮፕላኑ ውስጥ አልገጠመም፤ ችግሩ ለአውሮፕላኑ ርክክብ ሁለት ዓመት ያህል መዘግየት ዋና ምክንያት ሆነ። በሁለቱም ከተሞች ኮምፒውተር ነበር፤ ያልነበረው በመካከላቸው የሚያስማማ ነው።

ከዚህ የከበደው ማስረጃ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት የካንሳስ ሲቲው ሀያት ሪጀንሲ ሆቴል ነው። በሆቴሉ ሰፊ አዳራሽ ላይ ተንጠልጣይ መተላለፊያዎች ነበሩ፤ የአራተኛው ፎቅ መተላለፊያ ልክ ከሁለተኛው በላይ ተሰቅሏል። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱንም የሚይዘው ከጣሪያ የሚወርድ አንድ ወጥ የብረት ዘንግ ነው። ብረቱን የሚሠራው ድርጅት ረጅሙን ዘንግ ጥርስ ማውጣት አስቸጋሪ ስለሆነበት ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ ከጣሪያ እስከ አራተኛው፣ ሌላው ከአራተኛው እስከ ሁለተኛው። በወረቀት ላይ ሲታይ ለውጡ ኢምንት ነው። በጭነት ግን ከላይኛው መተላለፊያ ሥር ያለው ዳዶ ቀድሞ የራሱን ብቻ ይሸከም የነበረው አሁን የታችኛውንም ጨምሮ ሸክሙ እጥፍ ሆነ። መጀመሪያም ቢሆን መጋጠሚያው የከተማውን የግንባታ ደንብ አያሟላም ነበር። የብረት ሠሪው ዝርዝር የሥራ ሥዕል (ሾፕ ድሮዊንግ) በመሐንዲሶቹ ማኅተም አለፈ፤ ስሌቱ ግን አልተደገመም። ጁላይ 17 ቀን 1981 ማታ፣ ሰው ለጭፈራ በተሰበሰበበት፣ መተላለፊያዎቹ ወርደው 114 ሰዎች ሞቱ። ያን ዕለት በዚያ አዳራሽ ለነበሩት ስል ይህ ታሪክ በእያንዳንዱ አስተባባሪ ሥልጠና ውስጥ ቢገባ እወዳለሁ። የዛሬው ሶፍትዌር ሁለቱንም ንድፎች ቢፈትሽ አንድም ግጭት አያገኝም። አንዱም ብረት ሌላውን አልነካም። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ ለውጡን ያየ ሁሉ ትንሽ መሰለው፤ ስሌቱን እንደገና የሚጠይቅ አልተገኘም።

ይህ የመሐንዲሱ ጥፋት ነው እንጂ አስተባባሪን ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖራል። ስሌቱ የመሐንዲሱ መሆኑ እውነት ነው፤ ሕጉም እንዲሁ አይቶ ዋና ኃላፊነት የነበራቸውን መሐንዲሶች የሚዙሪ የመሐንዲስነት ፈቃዳቸውን ነጥቋቸዋል። እኔም አስተባባሪው ስሌት ይሥራ አልልም። የምለው ለውጥ መንገድ አለው፤ መንገዱን የሚጠብቅ ያስፈልገዋል ነው። ይህ መጋጠሚያ ካለፈው ሳምንት ተለይቷል፤ ማን ለወጠው? ማን አየው? ስሌቱ ተደግሟል? ብሎ የሚጠይቅና መልሱ እስኪመጣ ጉዳዩን የማይዘጋ ሰው ነው የጎደለው። በካንሳስ ሲቲ ከአደጋው በኋላ ለለውጡ ፈቃድ በስልክ ተጠይቆ ነበር ወይስ አልተጠየቀም የሚለው ራሱ ክርክር ሆኖ ነበር።

ብሪታንያ ይህን መንገድ በመንግሥት ውሳኔ ለማበጀት ሞከረች። በ2011 የወጣው የግንባታ ስትራቴጂ በማዕከላዊ መንግሥት የሚገዙ ሥራዎች እስከ 2016 በቢአይኤም እንዲሠሩ አዘዘ፤ ደረጃዎቹና ፕሮቶኮሎቹ በ2013 ተከተሉ፤ በ2018 አይኤስኦ 19650 የተባለው ደረጃ ዓለም አቀፍ መልክ ሰጣቸው። በ2013ቱ ፕሮቶኮል አንድ ትክክለኛ ልዩነት ተቀምጧል፤ የመረጃ ሥራ አስኪያጁ የንድፍ ግዴታ የለበትም፤ ግጭት ማውጣትና ሞዴል ማስማማት ከንድፍ መሪው ኃላፊነት አይወጣም። እንዲህ ሲሆን አስተባባሪው ሕንፃ ለሚያውቅ፣ መወሰንም ለሚችል ሰው ቅርብ ይሆናል። አስተባባሪው የፋይል ሰብሳቢ ተደርጎ ከንድፍ ጠረጴዛው ርቆ ሲቀመጥ ግን ግጭቱን ያያል፣ ይጽፋል፣ ያስታውሳል፤ ማንም ባይሰማው የሚያደርገው የለም። የብሪታንያው አሠራር ለዚህ አንድ በር አበጅቷል። ማንኛውም ሞዴል በመጀመሪያ በባለቤቱ እጅ በሥራ ላይ ያለ ነው፤ ከዚያ ለሌሎች ይጋራል፤ ከዚያ ለግንባታ ይታተማል፤ በመጨረሻም ወደ ማኅደር ይገባል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ያለ ማረጋገጫ አይታለፍም። አስተባባሪን የሚቀጥር ድርጅት ከሶፍትዌሩ ስም በፊት ውሉ ውስጥ ሊጽፈው የሚገባው፣ ያልተፈተሸ ሞዴል ከመጀመሪያው ደረጃ ወደ ሁለተኛው እንዳያልፍ አስተባባሪው መከልከል እንደሚችል ነው።