የአትባራ ኩሬዎች፦ የዓሣ እስትንፋስና የደለል ታሪክ

ሾዋክ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ክፍለ ግዛት፣ በአትባራ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ለብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስሟ ከስደት ጋር የተያያዘ ነው፤ የሱዳን መንግሥት የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የምሥራቁን ክፍል ሥራ ከዚህች ከተማ ይመራ ነበርና። በከተማዋ አጠገብ የሚፈሰው ውሃም ቢሆን ከዚያው ከስደተኞቹ አገር የመጣ ነው። ጓንግና ትልቁ አንገረብ ከጎንደር፣ ተከዜ ከላስታ ተነሥተው ይወርዳሉ። ተከዜ ወደ ሱዳን ሲቃረብ ሰቲት ተብሎ ከሾዋክ በላይ ከአትባራ ጋር ይገናኛል።

ግድቦች ከመሠራታቸው በፊት አትባራ በዓመት ውስጥ ሁለት መልክ ነበረው። በበጋ ወንዙ መፍሰሱን ያቆምና በአሸዋ መካከል የተበታተኑ ጥልቅ ኩሬዎች ብቻ ይቀራሉ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1861 ይህንን አይቶ ጽፏል። ዓሣው፣ አዞው፣ ኤሊውና ጉማሬው ሁሉ በእነዚህ ኩሬዎች ተጨናንቀው ክረምቱን ይጠባበቁ ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ 23 ሌሊት ግን እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ጠዋት ሲነጋ ትናንት ደረቅ አሸዋ በነበረበት ቦታ ሰፊና ጥልቅ ወንዝ ይፈስ ነበር። በቤከር ዘንድ ያ ጎርፍ የሐበሻ ደጋዎች ዝናብ መልእክተኛ ነበር።

በሚያስገርም ሁኔታ፣ በዚያው ዘመን በሎንዶን ሰዎች ዓሣን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ማኖርን እየተማሩ ነበር። ኬሚስቱ ሮበርት ዋሪንግተን ዓሣ፣ የውሃ ተክልና ቀንድ አውጣ በአንድ ዕቃ ቢቀመጡ ውሃው ሳይበላሽ እንደሚቆይ በ1850 አስታወቀ። በ1853 የሎንዶን የአራዊት መጠበቂያ የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ ከፈተ፤ በተከታዩ ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ባሳተመው መጽሐፍ የባሕር ዓሣን በቤት ውስጥ ማኖር ፋሽን ሆነ። ከሣጥኑ የተገኘው ትምህርት አጭር ነው፦ ዓሣን የሚያኖረው ከምግቡ ይልቅ የውሃው ጤንነት ነው።

ዓሣ የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን በስንጥቡ አማካይነት በመሳብ ነው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ወደ 9 ሚሊግራም ሲይዝ፣ በ30 ዲግሪ ግን ወደ 7.5 ሚሊግራም ይወርዳል። ጨው ያለበት ውሃ ከዚህም ያነሰ ይይዛል፤ በዚህም ምክንያት የባሕር ዓሣ በቤቱ የሚያኖር ሰው ውሃውን ያለማቋረጥ ማናፈስ ይኖርበታል። ከዚህ ሌላ የዓሣው ፍሳሽ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው፤ ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። የበጋው የአትባራ ኩሬም እንደዚሁ ጠባብ ሣጥን ነበር፤ ሞቃት፣ የተጨናነቀና የማይፈስ። አምባዛ ከአየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ ብልት ስላለው ይታገሣል፤ ሌሎቹ ግን ጎርፉን ይጠብቃሉ። የሰኔው ውሃ ለእነርሱ እንደ አዲስ እስትንፋስ ነበር።

ይህ ሥርዓት በ1964 ተለወጠ። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውሃ የዋዲ ሐልፋን አካባቢ ስለሚያሰጥመው የሱዳን መንግሥት የተፈናቀሉትን ኑባውያን በአዲስ ሐልፋ አሰፈረ፤ እርሻቸውን ለማጠጣትም ከሾዋክ በታች የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ተሠራ። ግድቡ ሲጀመር ወደ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዝ ነበር። ነገር ግን “ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል” የሚለው ተረት ለአትባራም ይሠራል፤ ይህ ወንዝ ከግንዱ ይበልጥ አፈር ይዞ ይዞራል። አሁን ማደሪያ ሲያገኝ አፈሩን እዚያው አራገፈው። በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ ሐይቁ የመያዝ አቅሙን ግማሽ ያህል አጣ።

መሐንዲሶቹ ያገኙት መፍትሔ ከ1971 ጀምሮ በጎርፉ ወራት በሮቹን ከፍቶ ደለሉን ማጠብ ነበር። ለመስኖው ጠቃሚ ነው፤ ለዓሣው ግን ሞት ሆነ። የወፈረ ጭቃ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ስንጥቦችን ይደፍናል፤ ከሐይቁ ወለል የሚነሣውም ብስባሽ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ከግድቡ በታች ዓሦች በብዛት ይሞታሉ። ቀድሞ እስትንፋስ የነበረው የክረምት ውሃ ማነቂያ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ወንዙ ይበልጥ ታስሯል። በኢትዮጵያ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በ2009 ተጠናቀቀ፤ በሾዋክ አካባቢም 320 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት የሩሜላና የቡርዳና መንትያ ግድቦች በ2017 ተመረቁ። ሐይቆች ሲበዙ የዓሣ ማስገሪያ ይሰፋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሐይቅ ደለሉን የሚያራግፍበት ቀን ይመጣል።

በቤቱ ዓሣ የሚያኖር ሰው የሣጥኑን ውሃ በአንድ ጊዜ አይገለብጥም፤ ጥቂት በጥቂት ይለውጣል፣ ይለካል፣ ይጠብቃል። ለወንዝም የሚያስፈልገው ይኸው ጥንቃቄ ነው፦ ደለሉን በልክ መልቀቅ፣ ኦክስጅኑን መለካት፣ ከታች ያሉትን ዓሣ አስጋሪዎች አስቀድሞ ማስጠንቀቅ። ከሁሉ በፊት ግን አፈሩ የሚነሣው ከጎንደርና ከላስታ ተራሮች ነውና እዚያ የሚሠራ እርከንና የሚተከል ዛፍ በሾዋክ ላለው ዓሣም መድን ነው። የደገኛው እርሻና የቆለኛው መረብ የተያያዙት በአንድ ውሃ ነው።