የአነስተኛ ንግድ ቤት ኢሜይል ስለ ምን ይመለሳል? (አጭር የታሪክ ጥናት)

አንድ አነስተኛ ንግድ ቤት በራሱ የኢሜይል ሰርቨር ለደንበኛው የዋጋ ዝርዝር ይልካል፤ ደንበኛው ግን አልደረሰኝም ይላል። ሰርቨሩ ቢመረመር ይሠራል፤ ከውጭ የሚመጣውም ደብዳቤ ያለ ችግር ይገባል፤ የታገደው የሚወጣው ብቻ ነው። ገቢው እየገባ ወጪው ስለ ምን ይከለከላል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን በሰርቨሩ አሠራር ብቻ ሳይሆን በኢሜይል ታሪክ ውስጥም መፈለግ ይገባል ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 ዓ.ም. በአርፓኔት መረብ ላይ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው መልእክት በላከ ጊዜ፣ በመረቡ የሚገናኙት ጥቂት የምርምር ተቋሞች ነበሩ። ጆን ፖስቴል በ1982 ዓ.ም. ያወጣው ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. የተባለው የመላላኪያ ደንብም የተጻፈው በዚሁ የመተማመን መንፈስ ነው። በደንቡ መሠረት ላኪው ስሙን ይናገራል፤ ተቀባዩም ያምነዋል። ላኪው የሌላውን ስም ቢጠራ እንኳ የሚያጋልጠው መንገድ አልተበጀም ነበር። ከዚህም በላይ አንድ ሰርቨር ከማያውቀው ላኪ ደብዳቤ ተቀብሎ ለሦስተኛ ወገን ማድረሱ እንደ መልካም ጉርብትና ይቈጠር ነበር።

ነገር ግን የአደጋው ምልክት ከደንቡ በፊት ታይቷል። በ1978 ዓ.ም. የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የሽያጭ ሠራተኛ የነበረው ጋሪ ተርክ ወደ 400 ለሚሆኑ የአርፓኔት ተጠቃሚዎች ያልጠየቁትን ማስታወቂያ ልኮ ብዙዎችን አስቈጥቷል። ከአራት ዓመት በኋላ የወጣው ደንብ ግን ለዚህ መከላከያ አላበጀም። ምክንያቱ፣ በእኛ አስተያየት፣ ሰዎቹ ጥቂት በመሆናቸው ጥፋተኛውን በተግሣጽ ብቻ መመለስ ይቻል ስለ ነበር ነው። በ1990ዎቹ ኢንተርኔት ለንግድ ሲከፈት ይህ ሁኔታ ተለወጠ። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» እንደሚባለው፣ ማንነታቸው የማይታወቅ ላኪዎች በሰው ስምና በሰው ሰርቨር እየተጠቀሙ ስፓም የተባለውን ያልተጠየቀ ማስታወቂያ ያጐርፉ ጀመር። በዘመኑ በሰፊው ይሠራበት የነበረው ሴንድሜይል የተባለው ፕሮግራም ለማያውቀው ሰው ደብዳቤ ማስተላለፍን ከመነሻው የከለከለው በ1998 ዓ.ም. በወጣው በ8.9ኛው እትሙ ነው።

ከዚያ በኋላ መከላከያው በየጊዜው እየተደራረበ ተሠራ። በ1997 ዓ.ም. ፖል ቪክሲና ዴቭ ራንድ የስፓም ምንጭ የሆኑ አድራሻዎችን ጥቁር መዝገብ አቋቋሙ። ብዙ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎችም ደብዳቤ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚያልፍበትን ፖርት 25 በደንበኞቻቸው ላይ ዘጉ፤ ተጠቃሚው በይለፍ ቃል እየታወቀ ደብዳቤውን የሚያስረክብበት ፖርት 587 በ1998 ዓ.ም. ተወሰነ። በ2006 ዓ.ም. የታተመው ኤስ.ፒ.ኤፍ. በአንድ ዶሜይን ስም መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ነው፤ በ2007 ዓ.ም. የወጣው ዲኪም ደግሞ በደብዳቤው ላይ እንደሚያርፍ ማኅተም ነው። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ዲማርክ፣ ዝርዝሩ ወይም ማኅተሙ በደብዳቤው ራስ ላይ ከሚታየው የላኪ ስም ጋር ካልተስማማ ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ ባለ ዶሜይኑ የሚያሳውቅበት ነው። በመጨረሻም ጉግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም ላኪ ቢያንስ ከኤስ.ፒ.ኤፍ.ና ከዲኪም አንዱን እንዲያሟላ፣ በብዛት የሚልክ ደግሞ ሦስቱንም እንዲይዝ ጠየቁ።

እንግዲህ የንግድ ቤቱ ደብዳቤ የሚታገደው ከእነዚህ አጥሮች በአንዱ ነው፤ እያንዳንዱም አጥር የራሱን ምልክት ትቶ ያልፋል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚመረመረው የሰርቨሩ መዝገብ (ሎግ) ነው። ወደ ማንኛውም ተቀባይ የሚደረገው ግንኙነት ያለ አንዳች መልስ ጊዜው ካለፈ፣ የራስ ፋየርዎል ወይም አገልግሎት ሰጪው ፖርት 25ን እንደ ዘጋ ያስጠረጥራል፤ መፍትሔውም ማስከፈት ወይም ደብዳቤውን በፖርት 587 በሌላ አስተላላፊ በኩል መላክ ነው። መልስ ካለ ግን የመጀመሪያው አኃዝ ይታይ። በ4 የሚጀምር መልስ «ቈይተህ ሞክር» ማለት ነው፤ ሰርቨሩ ደብዳቤውን በወረፋ ይዞ እንደገና ይልካል። በ5 የሚጀምር ግን ቁርጥ ያለ እንቢታ ነው፤ ምክንያቱ ሳይታረም ያንኑ ደጋግሞ መላክ አይጠቅምም።

እንቢታው ስለ ላኪው ማንነት ከሆነ፣ የሰርቨሩ አይ.ፒ. ቁጥር በዲ.ኤን.ኤስ. ሲጠየቅ ስሙን ይመልስ እንደሆነ፣ ያም ስም ተመልሶ ወደዚያው ቁጥር ያመራ እንደሆነ ይታይ፤ ቀጥሎም ዝርዝሩና ማኅተሙ ይመርመሩ። ጥቁር መዝገብ ከተጠቀሰ ስሙን ለማሰረዝ ከመለመን በፊት መንሥኤው ይፈለግ፤ የአንድ ሠራተኛ የይለፍ ቃል ተሰርቆ ስፓም ይላክበት ይሆናልና። ምንጩ ሳይደርቅ የተሰረዘ ስም ተመልሶ ይጻፋል። መዝገቡ 250 የሚል የመቀበያ ቁጥር እያሳየ ደንበኛው አላየሁም ቢል ግን፣ ቁጥሩ የተቀባዩ ሰርቨር ኀላፊነቱን መረከቡን እንጂ ደብዳቤው ከደንበኛው ዐይን መድረሱን አያረጋግጥምና የስፓም ሳጥኑ ይፈተሽ።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ አጥር ታላላቅ ኩባንያዎች ታናናሾቹን ከመንገድ ለማስወጣት ያበጁት ነው ይላሉ። እኛ በዚህ ሙሉ በሙሉ አንስማማም፤ ከላይ እንደ ተመለከትነው እያንዳንዱ መከላከያ የተወለደው በእውነት ከደረሰ በደል ነው። ሆኖም ሸክሙ እኩል አልተከፋፈለም። ታላቁ ኩባንያ ለዚሁ ሥራ የተመደቡ ባለሙያዎች አሉት፤ በአነስተኛው ንግድ ቤት ግን ሒሳብ የሚይዘው ሠራተኛ ሰርቨሩንም ይጠብቅ ይሆናል። ጐረቤቱ በተከራየው አይ.ፒ. ቁጥር ያጠፋው ጥፋትም ቁጥሩን ዘግይቶ በተረከበው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ አጥሩን ማፍረስ ሳይሆን፣ የሚከለክለው ወገን የከለከለበትን ምክንያት ግልጥ አድርጎ እንዲጽፍና ያለ ጥፋቱ የታገደውም አቤት የሚልበት በር እንዲከፈትለት መጠየቅ ተገቢ ይመስለናል። ንግድ ቤቱም በበኩሉ ሰርቨሩን ለመለወጥ ከመቸኰሉ በፊት የተመለሰውን ደብዳቤ ከነምክንያቱ ያንብብ፤ ብዙውን ጊዜ የታገደበት አጥር በዚያው ላይ ተጽፎ ይገኛል።